ፎም ሮለር በእርግጥ ምን ይሠራል? ከስፖርት በፊትና በኋላ ያለው ጥቅምና ገደብ

ጂም የሚያዘወትር ሰው ሳያየው አይቀርም፤ ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ ከጠጣር ፎም የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዕቃ ነው። ስፖርተኛው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ጭኑን፣ ባቱን ወይም መቀመጫውን በላዩ ያሳርፍና በራሱ ክብደት እየተጫነ ወዲህና ወዲያ ይንከባለልበታል። ፎም ሮለር ይባላል። በስልክ ከሚዘዋወሩ የስፖርት ቪዲዮዎች ጋር ስሙም ዝናውም በፍጥነት ተዛምቷል። የተጣበቀ ጡንቻ ያላቅቃል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ ላክቲክ አሲድ ያጥባል፣ ጉዳት ይከላከላል፣ ከልምምድ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ያስቀራል ይባልለታል። በሌላ ወገን ደግሞ ጊዜ ማባከኛ ነው፣ ሻጮች የፈጠሩት ፍላጎት ነው የሚሉ አሠልጣኞች አሉ።

በሁለቱ መካከል የቆመው ስፖርተኛ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ላለፉት አሥር ዓመታት የተሠሩት ጥናቶች የሚያሳዩት ውጤት ከማስታወቂያው ያነሰ፣ ከአጣጣዮቹ ግምት ደግሞ የበለጠ ነው። ከውጤቱ መጠን ይልቅ ግን ትኩረት የሚሻው ውጤቱ የሚገኝበት መንገድ ነው። ስለ መንገዱ በሰፊው የሚነገረው ማብራሪያ የተሳሳተ ነው፤ ማብራሪያው ሲሳሳት ደግሞ አጠቃቀሙም አብሮ ይሳሳታል። ጡንቻው ውስጥ የተጣበቀ ነገር አለ ብሎ ያመነ ሰው እስኪላቀቅለት ድረስ ይጫናል፤ ሲያመው “እየሠራ ነው” ብሎ ይታገሣል፤ ሰውነቱ በልዞም በማግሥቱ ይደግመዋል።

ከሚዛን መለማመጃ ወደ ማሟሟቂያ

ዕቃው መጀመሪያ ላይ ለዚህ የታሰበ አልነበረም። በዩክሬን ተወልደው ኋላ በእስራኤል የኖሩት የፊዚክስ ምሁርና የጁዶ አሠልጣኝ ሞሼ ፌልደንክራይስ (1904–1984 እ.ኤ.አ.) ሰዎች እንቅስቃሴያቸውንና ሚዛናቸውን እንዲያስተውሉ ለማሠልጠን ሲሊንደር ቅርጽ ያላቸውን ዕቃዎች ይጠቀሙ ነበር። እርሳቸው የፈለጉት ጡንቻን መጭመቅ ሳይሆን አካልን በስሱ መደገፍ ነበር። ዕቃው ጡንቻ መዳመጫ የሆነው በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት በፊዚዮቴራፒስቶችና በአካል ብቃት አሠልጣኞች እጅ ነው። በዚያን ጊዜም “ማዮፋሺያን ራስን በራስ ማላቀቅ” የሚል የቴክኒክ ስም ተሰጠው። ማዮፋሺያ ማለት ጡንቻውና የሚሸፍነው ስስ ገለፈት በአንድነት ሲጠሩ ነው።

ተወዳጅነቱን ያፋጠነ ሌላም ምክንያት ነበር። ለረጅም ዘመን ከሩጫና ከጨዋታ በፊት የሚደረገው ነገር ጡንቻን ስቦ ይዞ መቆየት ነበር፤ እግርን ዘርግቶ፣ ጣትን ለመንካት ጎንበስ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቁጠር። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን አንዱን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ ማቆየት ወዲያው በሚከተለው ጥረት ላይ የጡንቻውን ኃይል በጥቂቱ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። አጭር መሳሳብ የሚያመጣው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሆኖም ዜናው በተጋነነ መልኩ ስለ ተሰራጨ ብዙ አሠልጣኞች መሳሳብን ከማሟሟቂያቸው አወጡ፤ በምትኩ መገጣጠሚያን የሚያፍታታ፣ ኃይልን ግን የማይነካ ነገር ይፈልጉ ነበር።

ክፍተቱን የሞላው በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ከሚገኘው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ነው። 11 ወንዶች የፊት ጭናቸውን ለአንድ አንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ በሮለር አሹ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ጉልበታቸው የሚታጠፍበት ስፋት በ10 ዲግሪ ገደማ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላም በ8 ዲግሪ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። የጡንቻው ኃይል ግን አልቀነሰም። ለአሠልጣኞች ይህ ሲጠብቁት የነበረ መልስ ነበር። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ያስተዋለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ቁጥሮቹ ሲደመሩ

አንድ ትንሽ ጥናት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች የተበታተኑ ጥናቶችን ሰብስበው ውጤታቸውን በአንድነት ያሰላሉ። ይህ ዘዴ ሜታ አናሊሲስ ይባላል። በፎም ሮለር ላይ በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና 21 ጥናቶችን ያጠቃለለው ነው። ከስፖርት በፊት ሲደረግ የሰውነት መተጣጠፍን በአማካይ በ4 በመቶ፣ የአጭር ርቀት ፍጥነትን በ0.7 በመቶ አሻሽሏል። ከስፖርት በኋላ ሲደረግ ደግሞ ድካም የሚያመጣውን የፍጥነት መቀነስ በ3.1 በመቶ፣ የኃይል መቀነስን በ3.9 በመቶ አለዝቧል፤ የሕመም ስሜትን በ6 በመቶ ቀንሷል። አዘጋጆቹ ውጤቶቹ በአብዛኛው አነስተኛ፣ አንዳንዶቹም ከቁጥር የማይገቡ እንደሆኑ ጽፈዋል፤ ማስረጃው ከማገገሚያነቱ ይልቅ ማሟሟቂያነቱን እንደሚደግፍም ደምድመዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ይበልጥ ጠንከር ያሉ ናቸው። ሮለር ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ ግን ከሌላ ማሟሟቂያስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ግምገማ ይህን ሲያነጻጽር ሮለርም ሆነ መሳሳብ በወዲያው መተጣጠፍ ረገድ ከሌሎች ማሟሟቂያዎች የበለጠ ጥቅም እንደሌላቸው አገኘ። ቀላል ሩጫ፣ ብስክሌት መርገጥ፣ እግርን እያወዛወዙ መንቀሳቀስ ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣሉ ማለት ነው። ይህ ግኝት የሮለርን ጥቅም አይሽርም፤ የተለየ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ግን ይፈትናል።

ከአንድ ቀን ውጤት ባሻገር ስላለው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ሜታ አናሊሲስ ያሳየው ነገር አለ። ሮለርን ከአራት ሳምንት በላይ አዘውትረው የተጠቀሙ ሰዎች መተጣጠፋቸው በዘላቂነት ይሻሻላል። ባጭሩ ጊዜ ማለትም በአንድ ቀን የሚገኘው መለዘብ ግን ከ10 እስከ 20 ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ለውጡ ጡንቻው ላይ ነው ወይስ ነርቩ ላይ?

ሥጋ ሲበለት በጡንቻው ላይ ተለጥፎ የሚታየው ነጭ ስስ ሽፋን ፋሺያ ይባላል። ጡንቻን ከጡንቻ ይለያል፣ ያያይዛል፣ ኃይልንም ያስተላልፋል። ሮለርን የሚያስተዋውቁ ሰዎች የሚናገሩት ታሪክ ይህ ፋሺያ በመቀመጥ ብዛት ወይም በልምምድ ብዛት ይጣበቃል፣ ሮለሩም ግፊቱን አሳርፎ ያላቅቀዋል የሚል ነው። ለጆሮ የሚመች፣ በዓይነ ሕሊና የሚሣል ታሪክ ስለሆነ በቀላሉ ይታመናል።

ችግሩ የኃይሉ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የኦስቲዮፓቲ ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ የሒሳብ ሞዴል በእጅ የሚደረግ ሕክምና ፋሺያን ምን ያህል ቅርጹን ሊያስለውጥ እንደሚችል አስልቶ ነበር። በጭን ውጫዊ ጎን የሚገኘውን ጠንካራ ፋሺያ 1 በመቶ ብቻ ለመጨመቅ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ጭነት ያስፈልጋል። የአብዛኛው ሰው ሙሉ ክብደት የዚህን አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ሮለር ላይ የሚያርፈው ደግሞ የክብደቱ ከፊል ነው። ሞዴሉ ስስና ለስላሳ የሆኑ ፋሺያዎች በቀላል ኃይል ሊለወጡ እንደሚችሉም አሳይቷል። ሮለር ዘወትር የሚያርፍባቸው የጭንና የእግር ፋሺያዎች ግን ከእነዚህ ወገን አይደሉም።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ አሳማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ተሳታፊዎች ባታቸው ላይ ግፊት ሲደረግባቸው ማመም የሚጀምርበት ነጥብ ተለካ። አንደኛው ባት ሲታሽ የሌላኛውም፣ ያልተነካው ባት ሕመምን የመቋቋም መጠን ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም የአንድ እግር ባት በሮለር ሲታሽ የሌላኛው እግር ቁርጭምጭሚት ጭምር የሚታጠፍበት ስፋት መጨመሩን መዝግቧል። ሮለሩ የሚሠራው የተጣበቀ ነገር በማላቀቅ ቢሆን ኖሮ ያልነካው እግር ሊለወጥ ባልቻለ ነበር። ሁለቱን እግሮች የሚያገናኛቸው ነርቭ ነው።

ስለዚህ አሁን በተመራማሪዎች ዘንድ ሚዛን የደፋው ማብራሪያ ይህ ነው። በቆዳና በጡንቻ ውስጥ ግፊትንና መወጠርን የሚያስተውሉ የስሜት ህዋሳት አሉ። ሮለሩ እነርሱን ሲቀሰቅስ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይለወጣል፤ ጡንቻው ሲሳብ የሚሰማው የመወጠር ስሜት ይለዝባል፣ ሰውየውም ቀድሞ ከሚያቆምበት ነጥብ አልፎ መታጠፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናትም ባት በሮለር በሚታሽበት ጊዜ በአከርካሪ ደረጃ የሚለካው የጡንቻው አጸፋዊ ምላሽ ቀንሶ ታይቷል። ከመጀመሪያዎቹ የዘርፉ ጥናቶች ጀርባ ያሉት ካናዳዊው ዴቪድ ቤም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ግምገማ “ፋሺያን ማላቀቅ” የሚለው አጠራር ማስረጃው የማይደግፈው መሆኑን ጽፈዋል።

በተቃራኒው የሚቀርቡ ሐሳቦችም ቸል የሚባሉ አይደሉም። ሮለር የታሸውን አካባቢ የደም ፍሰት ለጊዜው እንደሚጨምር የሚያሳዩ ልኬቶች አሉ። አንዳንድ የፋሺያ ተመራማሪዎች ግፊቱ በቲሹው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንደሚያንቀሳቅስና ሽፋኖቹ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ እንዲንሸራተቱ እንደሚረዳ ያስረዳሉ። የሙቀትና የእንቅስቃሴ ድርሻም አለ፤ ሰውነትን በክንድ ደግፎ መንከባለል ራሱ ሥራ ነው። እነዚህ ከነርቭ ማብራሪያው ጋር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አብሮ መኖር የማይችለው ሮለር የቲሹን መዋቅር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀይራል የሚለው ነው።

የጥናቶቹ ሁሉ የጋራ ድክመትም መጠቀስ አለበት። መድኃኒት ሲፈተን ለግማሾቹ ባዶ ክኒን መስጠት ይቻላል፤ ሮለር ላይ የተንከባለለ ሰው ግን መንከባለሉን ያውቃል። ስለዚህ “ይጠቅመኛል” የሚለው እምነት የሚያመጣውን ለውጥ ከሮለሩ ሥራ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በተለይ የሚለካው ነገር የሕመም ስሜት ሲሆን።

ሕመሙ ምልክት አይደለም

ከዚህ ማብራሪያ የሚወጣ ቀጥተኛ ውጤት አለ። ለውጡ በነርቭ በኩል ከሆነ ጠንክሮ መጫን የግድ አይደለም። ይህም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት የፊት ጭን ጡንቻ በቀላል፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ግፊት ታሽቶ ሲነጻጸር የጉልበት መታጠፍ በሦስቱም ተመሳሳይ በሆነ መጠን ጨመረ። ከፍተኛው ግፊት ያመጣው ተጨማሪ ነገር ሕመም ብቻ ነበር።

በብዙ ጂሞች የሚታየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥርስን ነክሶ በእሾሃማ ሮለር ላይ መንከባለል እንደ ጽናት ይታያል። በተለይ የሚሠቃየው ከዳሌ እስከ ጉልበት በጭን ውጫዊ ጎን የሚወርደው ጠንካራ የፋሺያ ጥቅል ነው። ይህ ጥቅል እንደ ጡንቻ የሚኮማተርና የሚላላ አካል አይደለም፤ ከጭን አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሮለር አያስረዝመውም። በጉልበታቸው ውጫዊ ጎን የሚያማቸው ሯጮች ቦታውን ደጋግመው ሲፈጩት የተቆጣውን አካባቢ ይበልጥ ሊያስቆጡት ይችላሉ። ጥቅሉን የሚወጥሩት የመቀመጫና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው፤ ማሸት የሚፈልግ እነርሱን ቢያሽ፣ ከዚያም በላይ ቢያጠነክራቸው ይሻላል።

ላክቲክ አሲድ ያለ ጥፋቱ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ በኅዳር ወር ብዙ ሺሕ ሕዝብ በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እሑድ ልምድ ሳይኖረው የሮጠ ሰው ሰኞና ማክሰኞ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል፤ “ሰውነቴ ተሳስሯል” ይላል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰውም ላክቲክ አሲድ ነው። ከዚያም ሮለር፣ ወይም ሙቅ ውኃ፣ ወይም ብርቱ መታሸት አሲዱን እንደሚያጥብ ይነገራል።

በከባድ ጥረት ጊዜ የሚመረተውና በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለው ላክቴት ጥረቱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል። ልብ፣ ጉበትና ጡንቻዎች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ሕመሙ ግን ከ24 እስከ 72 ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው ጫፍ የሚደርሰው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሮለር ላይ የሚወጣ ሰው የሚያጥበው አሲድ የለም፤ እሑድ ከቀትር በፊት አልቋል።

የዘገየው ሕመም ምንጭ ሌላ ነው። ጡንቻ እየተኮማተረ በሚረዝምበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ቁልቁል ሲሮጥ የፊት ጭን ሰውነቱን እየያዘ ሲያዘገይ፣ በጡንቻ ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ጥገናው ብግነት ያመጣል፤ በአካባቢው ያሉት ነርቮችም ከወትሮው የበለጠ ስሜታም ይሆናሉ። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ቁልቁል የሮጠ ሰው ዳገቱን ከወጣው ይልቅ በማግሥቱ የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው። ልምምዱ ሲደጋገም ጡንቻው ይለምደዋል፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሕመሙ በጉልህ ይቀንሳል። ለዘገየ ሕመም እስካሁን የታወቀው አስተማማኝ መከላከያ ይህ መላመድ ነው።

ሮለር እዚህ ላይ የሚሰጠው እፎይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ስምንት ወንዶች ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት 60 በመቶውን ተሸክመው አሥር ጊዜ በአሥር ዙር ስኳት ሠሩ፤ ማለትም ቁጢጥ እያሉ ተነሡ። ወዲያው፣ ከ24 ሰዓት በኋላና ከ48 ሰዓት በኋላ ለ20 ደቂቃ ሮለር ሲጠቀሙ፣ ካልተጠቀሙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሕመማቸው ቀነሰ፤ የፍጥነትና የዝላይ ውጤታቸውም በመጠኑ ተሻለ። ውጤቱ መልካም ነው። የተከፈለው ዋጋ ግን በድምሩ አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለስፖርት ያለው ሠራተኛ ያንን ሰዓት በእንቅልፍ ቢያሳልፈው ይሻለዋል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ አቋምም ወደዚያ ያዘነብላል።

የሌላ ሰው እጅስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 99 ጥናቶችን የገመገመ ሜታ አናሊሲስ የተለያዩ የማገገሚያ ዘዴዎችን ሲያነጻጽር የዘገየ ሕመምንና የድካም ስሜትን በመቀነስ ማሳጅን ከሁሉ አስቀድሟል። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ክለቦች ወጌሻ እየተባለ የሚጠራው ባለሙያ ከጨዋታ በፊትና በኋላ ተጫዋቾችን ሲያሽ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሮለር ለዚህ እጅ ርካሽ ምትክ ሆኖ ቢታይ ተገቢ ነው፤ ሙሉ ምትክ ግን አይደለም፤ የሠለጠነ እጅ የሚነካውን ይመረምራል፣ ያበጠውን ከዛለው ይለያል።

በማሟሟቂያ ውስጥ ያለው ቦታ

ማሟሟቅ ዋና ሥራው ከስሙ ጋር ይስማማል። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚከተለው የስፖርት ብቃት ከ2 እስከ 5 በመቶ ሊሻሻል እንደሚችል የዘርፉ ግምገማዎች ያመለክታሉ። ይህን ሙቀት የሚያመጣው እንቅስቃሴ ነው። ወለል ላይ ተኝቶ አንዱን ጡንቻ ከሌላው እያስከተሉ መንከባለል የልብ ምትንም ሆነ የመላ ሰውነትን ሙቀት ያን ያህል አያነሣም። በማለዳ ቅዝቃዜ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ላይ ልምምድ የሚጀምር ሯጭ አሥር ደቂቃ በሮለር ቢያሳልፍና ሶምሶማውን ቢዘል የሚጎዳው ራሱን ነው።

ጉዳትን ስለ መከላከልም ማስረጃው በእንቅስቃሴ በኩል ነው የሚገኘው። በፊፋ የሕክምና ማዕከል አስተባባሪነት የተዘጋጀው “11 ፕላስ” የተባለው የእግር ኳስ ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሩጫ፣ የሚዛን፣ የዝላይና የጥንካሬ ልምምድ የያዘ ነው። በኖርዌይ ከ1,800 በላይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሙከራ የጉዳት መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ሮለር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሮለር ብቻውን ጉዳትን ይከላከላል ለማለት የሚያበቃ ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ሙከራም አልቀረበም።

ሮለር የሚጠቅመው ሰው ግን አለ። ቁጢጥ ለማለት ቁርጭምጭሚቱ የሚይዘው፣ ቀኑን በቢሮ ወንበር ወይም በመኪና መሪ ፊት ተቀምጦ የሚውልና ማታ ጂም ሲገባ ዳሌው አልታዘዝ የሚለው፣ ትናንት በሠራው ምክንያት ጡንቻው የተያዘበት ሰው እንቅስቃሴውን ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ቢጠቀምበት የሚከተለው ልምምድ ይቀልለታል። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ምክር ለአንድ ጡንቻ ከአንድ እስከ ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ከ30 እስከ 120 ሰከንድ፣ አንዱ ምልልስ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ እንዲሆን ይመክራሉ። ግፊቱ ትንፋሽን የሚያስይዝ መሆን የለበትም። ከዚያ ወዲያው በአዲሱ ስፋት መንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ የተገኘው መለዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ ሮለር ተጠቅሞ ስልክ ይዞ የተቀመጠ ሰው ያገኘውን እዚያው ይመልሰዋል።

መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ለጤነኛ ሰው ሮለር አደጋው አነስተኛ ነው። አነስተኛ መሆኑ ግን ለሁሉም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስምምነት ክፍት ቁስልንና የአጥንት ስብራትን ጨርሶ የሚከለክሉ ሁኔታዎች አድርጎ አስቀምጧል። የአካባቢ ብግነትን፣ በጥልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደምን፣ የአጥንት ኢንፌክሽንንና በጡንቻ ውስጥ አጥንት መሰል ነገር መፈጠርን ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቧል።

የረጋ ደም ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ምልክቱ የጡንቻ ሕመም ሊመስል ይችላልና። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ እንደሚደረገው ያለ ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ፣ ረጅም የአልጋ ቁራኛነት ወይም ቀዶ ጥገና ለዚህ ችግር ያጋልጣሉ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ባቱ ሲነካ ካመመ ማሸት ክልክል ነው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ቦታው ሐኪም ቤት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ አጥንታቸው የሳሳ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የቀነሰ ሰዎችም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ባይጀምሩ ይመረጣል። ወድቆ የተጎዳና እግሩን ማስረገጥ ያቃተው ሰው ስብራት እንደሌለው ሳይረጋገጥ በሮለርም በእጅም መታሸት የለበትም። ከባድ ልምምድ ከሠራ በኋላ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው ደግሞ የጡንቻ ክፉኛ መፍረስ ሊሆን ስለሚችል ማሸቱን ትቶ በአፋጣኝ መታከም ይኖርበታል።

የታችኛውን ጀርባ በቀጥታ ሮለር ላይ ማሳረፍን ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች አይመክሩትም። ከዳሌና ከላይኛው ጀርባ ጡንቻዎች መጀመር ይቻላል።

ርካሹ ዕቃና ቀላሉ ፈተና

ከላይ የተጠቀሰው የ2013 ጥናት የተጠቀመበት ሮለር ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የፒቪሲ ቧንቧ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ተጠቅልሎ የተሠራ ነበር። ቧንቧው በማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል። ውድ የሆኑት፣ ጉጥ ያላቸው ወይም በባትሪ የሚንቀጠቀጡ ዓይነቶች የግድ አያስፈልጉም። የሚንቀጠቀጡት በመተጣጠፍ ላይ ጥቂት ጭማሪ እንደሚሰጡ የሚያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም ልዩነቱ የዋጋውን ያህል አይደለም።

በዚህ ዘርፍ የተሠሩት ጥናቶች ተሳታፊዎቻቸው በአብዛኛው ወጣቶችና ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በከፍታ ቦታ በየሳምንቱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ የማራቶን አትሌት ያው ቁጥር ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ስለዚህ አሠልጣኞች በራሳቸው አትሌቶች ላይ ቢለኩት ዋጋ አለው፤ ልኬቱም ከሜትር በቀር መሣሪያ አይፈልግም። አትሌቱ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ ይሩጥ። ከዚያ በባዶ እግሩ ግድግዳ ፊት ይቁም፤ ተረከዙ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበቱን ግድግዳው ላይ ማስነካት የሚችልበት የመጨረሻው ርቀት ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ይለካ። ሁለቱም እግሮች ተለክተው ይጻፉ። ከዚያ የአንዱ እግር ባት ብቻ ለሁለት ደቂቃ በሮለር ይታሽና ሁለቱም እግሮች ወዲያው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላና ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በሌላ ቀን ያው ልኬት ያለ ሮለር፣ በሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ሶምሶማ ይደገም። የሁለቱ ቀናት ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለዚያ አትሌት ሮለሩ ከሶምሶማው በላይ የጨመረለት ነገር ካለ በሳንቲ ሜትር ይታያል።